ፖሊስ ዲግሪ ምን ያደርግለታል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ «ፖሊስ የሚያስፈልገው ጉልበትና ታማኝነት ነው፤ ዲግሪ የያዘ ፖሊስ ቢሮ እንጂ መንገድ አይወድም» ብለው ጽፈው አነበብኩ። ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ስመለስበት ግን እኔም ወጣት እያለሁ እንዲሁ እል እንደነበር ትዝ አለኝ። ስለዚህ የምጽፈው ለመጨቃጨቅ አይደለም። ጸሐፊውን በደንብ ስለምረዳቸው ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ምርመራ ክፍል ነው። ዲግሪዬን የያዝኩት ሥራ ላይ ሆኜ፣ በማታ ተምሬ ነው። ሌላው በአራትና በአምስት ዓመት የሚጨርሰው እኔ ላይ ሰባት ዓመት ፈጀ። ተረኛ በሆንኩ ቁጥር ክፍል ይቀርብኛል፣ ክፍል በገባሁ ቁጥር ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። እና «ምን አገኘህበት?» ለሚለኝ ሰው አንድ ነገር ልንገረው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ጣቢያ መጡ። ቦርሳቸውን ተነጥቀዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውሃ አመጣሁላቸው፣ ቃላቸውን ልቀበል ቅጹን አወጣሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀይ ጃኬት የሚለብስ ወጣት ከጣቢያው ማዶ ካለው ጥግ ላይ ቆሞ አየው ነበር። ምንም ሲያደርግ አልያዝኩትም፤ ዝም ብሎ አላማረኝም። እናም ገና ሳይናገሩ «እናቴ፣ ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ነው አይደል?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «አዎ… ቀይ ነገር ለብሶ ነበር መሰለኝ» አሉ።

እኔ የጻፍኩት ግን «ቀይ ጃኬት የለበሰ ወጣት ቦርሳዬን ነጥቆኝ ሮጠ» የሚል ነው። «መሰለኝ» የምትለዋ ቃል ወረቀቱ ላይ የለችም። አነበብኩላቸው፣ ፈረሙ። በነጋታው ልጁ ተያዘ። ሴትየዋም ሲያዩት «እሱ ነው» አሉ፤ በማግስቱማ የበለጠ እርግጠኛ ሆኑ። ዘጠኝ ቀን ታሰረ። በዘጠነኛው ቀን የሚሠራበት ቦታ ኃላፊ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ይዞ መጣ። ቦርሳው በተነጠቀበት ሰዓት ልጁ ሥራ ላይ ነበር፣ በራሱ እጅ ፈርሟል። መዝገቡ በማስረጃ ማነስ ተዘጋ። እኔን ማንም የተናገረኝ የለም።

እዚህ ላይ ያስተውሉልኝ። እኔ ልጁን አልመታሁትም። ከማንም ሳንቲም አልተቀበልኩም። አልሰነፍኩም፣ እንዲያውም በአንድ ቀን ነው ፈልጌ ያገኘሁት። ጉልበት ነበረኝ፣ ታማኝም ነበርኩ። ጸሐፊው የሚፈልጓቸው ሁለቱም ነገሮች ነበሩኝ። የጎደለኝ የራሴን ግምት እንደ ግምት የማየት ችሎታ ነው፤ ያ ደግሞ ከጉልበትም ከታማኝነትም አይመጣም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የማታ ክፍል ውስጥ፣ የሥነ ልቦና መምህራችን ስለ አንድ ጥናት ነገሩን። ኤሊዛቤት ሎፍተስ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1974 ያሳተመችው ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም ያሳዩአቸውና ስለ ፍጥነቱ ይጠይቋቸዋል። ለአንዱ ቡድን «መኪኖቹ ሲጋጩ ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር?» ይላሉ። ለሌላው «ሲደቃቀቁ» ይላሉ። ያየው ፊልም አንድ ነው፣ የተለወጠው አንድ ግስ ብቻ ነው። «ሲደቃቀቁ» የተባሉት የበለጠ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሁሉንም «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። ፊልሙ ላይ መስታወት የሚባል አልተሰበረም። ሆኖም «ሲደቃቀቁ» ከተባሉት 50 ተማሪዎች 16ቱ «አዎ፣ አይተናል» አሉ። «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ።

ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር። እስክሪብቶዬ ቆመ። ቀይ ጃኬቱን ሴትየዋ አላመጡትም፣ እኔ ነኝ ያለበስኩት። ዘጠኝ ቀን ያሰረው የእኔ ጥያቄ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በነጋታው ቃል ስቀበል ጥያቄዬ ተለወጠ። «ከመጀመሪያው ጀምረው በራስዎ መንገድ ይንገሩኝ» እልና ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጣቢያው ወረፋ ነው፣ ስልኩ ይጮኻል፣ አለቃ ይጣራል። ሰው ሲያስብ ግን አፉን መሙላት የለብንም። «መሰለኝ» ያለ ሰው ቃሉ ላይ «መሰለኝ» ተብሎ ይጻፍለታል። ይቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ አስፈለገኝ። ጣቢያ ውስጥ ያሳደጉኝ አንጋፋዎች ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ይህን ግን አላስተማሩኝም፣ እነሱንም ያስተማራቸው የለም። ልምድ የሚያውቀውን ይደጋግማል። ተሳስቼ ከሆነ ደግሞ ስህተቱንም አብሮ ይደጋግመዋል፣ ያውም በየዓመቱ የበለጠ በራስ መተማመን።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእንግሊዝ «የበርሚንግሃም ስድስቱ» የሚባሉት ሰዎች ባላደረጉት የቦምብ ፍንዳታ በ1975 ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው 16 ዓመት ታስረው በ1991 ነው ነፃ የወጡት። በተመሳሳይ ክስ ያለ ጥፋታቸው የታሰሩት «የጊልፎርድ አራቱ» ደግሞ በ1989 ተለቀቁ። በሁለቱም ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ፣ በኋላ ግን እምነት የማይጣልበት ሆኖ የተገኘ የእምነት ቃል ዋና ማስረጃ ነበር። የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ በዚያ ውርደት ላይ ቆሞ ምን አደረገ? የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና መርማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው በ1992 አዲስ የቃል አቀባበል ዘዴ አወጡ። አስቀድሞ መዘጋጀት፣ ለሰውየው ሂደቱን ማስረዳት፣ በራሱ አንደበት እንዲናገር መተው፣ በሥርዓት መዝጋት፣ ከዚያ መርማሪው ራሱን መገምገም። ዓላማው «አምኛለሁ» ማስባል መሆኑ ቀርቶ መረጃ ማግኘት ሆነ። ዛሬ ብዙ አገር ይህንኑ ዘዴ ይከተላል። ይህ ከጉልበት የመጣ ለውጥ አይደለም። ከትምህርትና ከምርምር ነው የመጣው፣ ያመጡትም ከፊሉ ፖሊሶች ናቸው።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። በአሜሪካ የበርክሌይ ከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር በ1908 ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1916 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለፖሊሶች ትምህርት እንዲጀመር አደረገ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየመለመለ ፖሊስ ያደርጋቸው ነበር። በየጊዜው የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቮልመር ራሱ ከአንደኛ ደረጃ ብዙም ያልዘለለ ሰው ነበር። የተማረ ሰው ትምህርትን ቢያወድስ ለራሱ ነው ይባላል፤ እሱ ግን የጎደለውን አውቆ ነው ለሌላው የጠየቀው። ተጠርጣሪን እየደበደቡ ማናዘዝንም አጥብቆ ይቃወም ነበር። በኋላ በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የወንጀልን ጉዳይ እንዲያጠና ያቋቋሙት ኮሚሽን የመጨረሻ ግቡ ሕግ የማስከበር ሥልጣን ያለው ፖሊስ ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው መሆን አለበት ብሎ መከረ። እዚያው አሜሪካ ዛሬም ድረስ ግቡ አልተደረሰበትም።

የደረሱበት ግን አሉ። ኖርዌይ ውስጥ ፖሊስ ለመሆን የሦስት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ነው። አንዱን ዓመት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ጣቢያ ውስጥ ሥራ ላይ፣ ሦስተኛውን ተመልሰው ትምህርት ቤት። ይሄ መሀል ላይ ያለው ዓመት በጣም ነው የሚመስጠኝ። መንገድ ላይ ያጋጠመህን ጥያቄ ይዘህ ወደ ክፍል ትመለሳለህ፤ እኔ በሰባት ዓመት እንቅልፍ አጥቼ ያገኘሁትን እነሱ በሥርዓት ያገኙታል። ፊንላንድም ታምፔሬ በሚገኘው የፖሊስ ኮሌጇ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ የዲግሪ ትምህርት ነው የምትሰጠው።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃውሞዎቹ። አንዳንዶቹ እውነት አላቸው፣ ልሸፋፍናቸው አልፈልግም።

ዲግሪ ሰውን ደግ አያደርግም። በ1942 በርሊን ውስጥ ቫንዜ በሚባል ሰፈር ተሰብስበው የአውሮፓ አይሁዶችን ስለመፍጀት የተነጋገሩት የናዚ ጀርመን ባለሥልጣናት 15 ነበሩ። ከእነሱ 8ቱ ዶክትሬት ነበራቸው። ስብሰባውን የመራው ሃይድሪክ ደግሞ የጀርመንን የጸጥታ ፖሊስ የሚያዝ ሰው ነው። ስለዚህ «ይማር እንጂ ጥሩ ይሆናል» የሚል ሰው ቢመጣ አብሬው አልቆምም። ከመምህራኖቼ አንዱ ይህንን ያነሳው የሥነ ምግባር ትምህርት ላይ ነበር፤ ማንም ከክፍል ተነሥቶ ሳይወጣ ሰዓቱ አልቆ እንኳ ተቀምጠን ቀረን። ትምህርት ሕሊናን አይተካም። ሕሊና ላለው ሰው ግን መሣሪያ ይሰጠዋል። እኔ ሕሊና ነበረኝ፣ መሣሪያ አልነበረኝም፣ ልጁም ታሰረ።

ጥናቶቹም ቢሆኑ ተአምር አያሳዩም። በ2010 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በሁለት የአሜሪካ ከተሞች የፖሊሶችን ሥራ ተከታትሎ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ኃይል የመጠቀም ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ማሰርና መፈተሽ ላይ ግን ልዩነት አላገኘም። በሐቀኝነት እንነጋገር ካልን ይህ ነው ውጤቱ። ለእኔ ግን በቂ ነው። አንድ ዱላ ያነሰበት ጣቢያ ዱላው ሊያርፍበት ለነበረው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

«የተማረ ፖሊስ አይቆይም፣ ለቅቆ ይሄዳል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። በአሜሪካ ኒው ለንደን የምትባል ከተማ ይህንን እስከ ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። አንድ አመልካች በቅጥር ፈተና ከ50 33 አመጣ። ከተማዋ ግን ቃለ መጠይቅ የምታደርገው ከ20 እስከ 27 ላመጡት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ሥራው ይሰለቸዋል፣ ሠልጥኖ ይለቃል ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2000 ለከተማዋ ፈረደ። ያ ፈተና የአእምሮ ብቃት መለኪያ እንጂ የዲግሪ ጉዳይ አይደለም፣ አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው። እኔ ለቅቀው የሄዱ ብዙ የተማሩ ባልደረቦች አውቃለሁ። አንዳቸውም ሥራው ቀለለን ብለው አልሄዱም። የሄዱት የተማሩትን የሚጠይቃቸው ስላጡ ነው። አንድ ልጅ ነበር፣ ስታቲስቲክስ ያጠና። የሞባይል ስርቆት መዝገቦችን ሰብስቦ ቦታና ሰዓታቸውን በእጁ በሣለው ካርታ ላይ አሰፈረ። ነጥቦቹ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ ያውም ምሽት ላይ ተከማቹ። ሄደን ብናይ ሁለት የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። ልጁ መብራቱ እንዲጠገን ደብዳቤ እንጻፍ አለ። የዚያን ጊዜ ኃላፊ «እኛ ሌባ ያዦች ነን እንጂ ኤሌክትሪሻን አይደለንም» ብሎ ወረቀቱን መለሰለት። ልጁ በዓመቱ ለቀቀ። ካርታውን እኔ ዘንድ ትቶት ነው የሄደው፣ እስካሁን አለ። ሌባ እያሳደድን ስንት ምሽት እንደሮጥን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ሌላ ተቃውሞ ነው። ዲግሪ የግድ ከተባለ የድሃ ልጅ በሩ ይዘጋበታል። ይህ እውነት ነው። እኔ ራሴ በዚያ መመዘኛ አልቀጠርም ነበር። እንግሊዝና ዌልስም አዲስ ፖሊስ ሁሉ በዲግሪ ደረጃ እንዲሠለጥን ጀምረው፣ ብዙ ቅሬታ ከተነሣ በኋላ በ2022 ያለ ዲግሪ የሚገባበት መንገድ እንዲቀጥል ተወስኗል። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ፖሊሱ ከመንገድ ይጠፋብናል፣ በሌላ ሙያ የኖሩ ጥሩ ሰዎች ይቀሩብናል ነበር ያሉት። አልፈርድባቸውም። ለዚህ ነው እኔ ዲግሪን የመግቢያ አጥር አድርጉት የማልለው። ሰውየው ይግባ፣ ከዚያ አስተምሩት። እያስተማራችሁት ይሥራ።

«አስተምሩት» ስል ግን ወረቀት አስይዙት ማለቴ አይደለም። ይህ የሚያሳስበኝ ነገር ነውና ትንሽ ልቆይበት። አሜሪካኖቹ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስ እንዲማር መንግሥት ብድርና ድጎማ ሰጠ። ገንዘቡን ያዩ ኮሌጆች በየቦታው የፖሊስ ትምህርት ከፈቱ። በ1978 ጉዳዩን የመረመረ ብሔራዊ ኮሚሽን ያገኘው ግን ደስ አይልም፤ ብዙዎቹ ትምህርቶች በጣቢያ የሚሰጠውን ሥልጠና በዩኒቨርሲቲ ስም የሚደግሙ፣ ደካማና ጠባብ ነበሩ። እኛም ቢሆን ይህንን በዓይናችን አይተናል። ለማዕረግ ብሎ የሚመዘገብ አለ። አሳይመንቱን በገንዘብ የሚያሠራ አለ። አንድ አብሮኝ የተማረ ሰው ዲግሪውን ይዞ፣ ተሹሞ፣ ያው እንደ ድሮው ሰው አፍ ውስጥ ቃል እየከተተ ሲጽፍ አይቻለሁ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ጥያቄው አልተለወጠም። ነገሩ የሚበላሸው ማዕረግ ከወረቀት ጋር ብቻ ሲታሰር ነው። ወረቀቱን ማየት ቀርቶ የሰውየውን መዝገቦች ማየት ይሻላል፤ ዐቃቤ ሕግ ስንቱን «ይጣራ» ብሎ መለሰበት? የተቀበለው ቃል የምስክሩ ነው ወይስ የእሱ? እነዚህ ፋይሉ ላይ የሚነበቡ ነገሮች ናቸው።

የሚማረውም ሕግ ብቻ አይሁን። ሕግ የግድ ነው። ግን ለእኔ የጠቀመኝ ሥነ ልቦና፣ ትንሽ ስታቲስቲክስ፣ ደግሞም መጻፍ ነው። አዎ፣ መጻፍ። ሰው ያየውንና የገመተውን ለይቶ አንድ ገጽ መጻፍ የማይችል መርማሪ ፍርድ ቤት ሲቆም ይጋለጣል፣ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆን እንኳ።

ማን ይማር ለሚለውም፣ ሁልጊዜ ዕድሉ የሚሰጠው ከላይ ላሉት ነው። አዛዡ ይማራል፣ የመምሪያ ኃላፊው ይማራል። ተበዳዩ መጀመሪያ የሚያገኘው ግን በር ላይ ያለውን ኮንስታብል ነው። ባሏ የደበደባት ሴት ደፍራ ስትመጣ «ቤታችሁ ሄዳችሁ ታረቁ» ብሎ የሚመልሳትም፣ ቁጭ አድርጎ የሚሰማትም እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከተበላሹ በኋላ ዶክተር የሆነ አዛዥ ቢመጣ ጉዳዩን መልሶ አያቃናውም።

ያንን ቀይ ጃኬት ለባሽ ልጅ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ዲግሪዬን በያዝኩበት ዓመት ነው። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ልጆች አሉት። ያን ጊዜ ከሥራው ተባሮ እንደነበር ነገረኝ፤ ኃላፊው መዝገቡን ይዞ ቢመጣለትም ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቦታው በሌላ ተይዞ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት። ተቀበለኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለኝ። «በዚያ ሰዓት የት ነበርክ ብለህ ለምን አልጠየቅከኝም?» መልስ አልነበረኝም። ሰነዱን በኋላ ሄጄ አየሁት። ሦስት ገጽ ምርመራ አድርጌበታለሁ፣ ያቺ ጥያቄ በእውነት የለችም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የተረኛ ፕሮግራም የሚያወጡ ኃላፊዎች ይህንን ጋዜጣ ካነበቡ፣ በእናንተ ሥር የሚማር ፖሊስ ካለ የፈተና ቀኑን ጠይቁትና ከሺፍት አውጡት። እኔ ሁለት ፈተና ያመለጠኝ አንዱን በጥበቃ ላይ ቆሜ፣ አንዱን ደግሞ ሬዲዮዬ ጠርቶኝ ከአዳራሹ መሀል ወጥቼ ነው። ሁለቱንም በዓመቱ ደግሜ ተፈትኛለሁ። የሰባቱ ዓመት ግማሹ እንዲህ ነው የሄደው። ያለፈውን ሳምንት ደብዳቤ የጻፉትን ሰው ደግሞ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ አግኝቻቸው ብንነጋገር ደስ ይለኛል፤ አድራሻዬን ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ መርማሪ